የቀን ፕሮቲንዎን በመጠንም በዓይነትም እንዴት ያሟላሉ?

ስለ ፕሮቲን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በቀን ስንት ግራም ልብላ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሰውነታችን የበላነውን ፕሮቲን እንዳለ አይጠቀምበትም፤ መጀመሪያ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲዶች ይበታትነዋል። ጡንቻውን፣ ቆዳውንና ኢንዛይሞቹን የሚሠራው ከእነዚህ ነው። የሚያስፈልጉት 20 ዓይነት ሲሆኑ 11ዱን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል። ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ፌኒላላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን የሚባሉትን 9ኙን ግን የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። አንዱ ካነሰ የሌሎቹ መትረፍረፍ አይተካውም።

1. መጠኑን ያስሉ

ክብደትዎን በኪሎ ይመዝኑና በ0.83 ያባዙት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ለጤናማ አዋቂ የተቀመጠው መጠን ይህ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ልጆች በክብደታቸው ልክ ሲሰላ ከዚህ የበለጠ ይሻሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን በዚህ ስሌት አይመራ፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት።

2. ከምግቡ ውስጥ ፕሮቲኑን ብቻ ይቁጠሩ

100 ግራም ሥጋ 100 ግራም ፕሮቲን አይደለም። የበሰለ የዶሮ ፍርምባ ከሆነ 30 ግራም ያህል ይገኝበታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም አካባቢ ሲኖረው ተቀቅሎ የተመዘነ 100 ግራም ምስር ግን 9 ግራም ብቻ ነው ያለው፤ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ስለዚህ ጥሬውን ይሁን የበሰለውን እንደመዘኑ ሁልጊዜ ያስተውሉ።

3. ላይሲንን ለብቻው ይፈትሹ

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ በተለይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልፎ አልፎ ብቻ ለሚበላ ሰው። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ላይሲን ያንሳቸዋል። የአዋቂ ፍላጎት ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 1,800 ሚሊግራም ይሆናል።

አሁን ይህ ሰው ፕሮቲኑን ሁሉ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ያገኛል እንበል። 500 ግራም ዱቄት 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚሰጠው በግራም ሲቆጠር የጎደለበት አይመስልም። ላይሲኑ ግን ከ1,200 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ዱቄቱን ወደ 200 ግራም ቀንሶ 100 ግራም ደረቅ ምስርና አንድ እንቁላል ቢጨምር ፕሮቲኑ ያው 50 ግራም ነው፤ ላይሲኑ ግን ከ2,000 ሚሊግራም ይበልጣል። ምስሩ ብቻውን 1,700 ገደማ ያስገኛል። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በበኩላቸው ሜቲዮኒን ያንሳቸዋል፤ እሱን ደግሞ ስንዴውና ሩዙ ይሞላሉ። ሁለቱን የግድ በአንድ ማዕድ ማቅረብ አያስፈልግም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል።

እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ 9ኙንም በበቂ መጠን ይይዛሉ፤ ከዕፅዋት አኩሪ አተር ይቀርባቸዋል። ከእንስሳ የተገኘ ሁሉ ግን የተሟላ አይደለም፤ ጄላቲን ትሪፕቶፋን ጭራሽ የለውም።

4. የጉልበት ምግብ አይቀንሱ

ቀኑን ሙሉ የሚበሉት ምግብ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን ለጉልበት ያቃጥለዋል። አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ኪሎካሎሪ ይሰጣል፤ ይህንኑ ጉልበት ግን ከስታርችና ከዘይት ማግኘት ይቻላል።

5. ጥራጥሬውን በደንብ ያብስሉ

ጥሬ ጥራጥሬ ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግዱ ነገሮች አሉት፤ ሙቀት አብዛኞቹን ያጠፋቸዋል። ቀይ ቦሎቄ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥሬው ወይም በደንብ ያልበሰለው ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ውሃውን ይድፉና በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቀቅሉት፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው እስኪለሰልስ ያብስሉት።