በሽታ የሚቋቋም ኦይስተር በዘረመል ምልክት እንዴት ይመረጣል?

ኦይስተር በሁለት ቅርፊት የተከደነ የባሕር እንስሳ ነው። ከውጭ አይተው የትኛው ጠንካራ እንደሆነ መለየት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ ዳርቻዎች የሄርፐስ ቫይረስ ጨቅላ ኦይስተሮችን በጅምላ ሲፈጅ ግን አንዳንዶቹ ተርፈዋል። አርቢ የሚፈልገው የእንደነዚህ ዓይነቶቹን ዘር ነው።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ጸባይ ይወስኑ። እዚህ በሽታ መቋቋምን እንያዝ። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓስፊክ ኦይስተር በሚባለው ዝርያ 8ኛ ክሮሞዞም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር) ላይ ቫይረሱን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ቦታ አግኝተዋል። እዚያ ያለው የዲኤንኤ ልዩነት የዘረመል ምልክት ይባላል። በምልክቱ መምረጥ ጥጃዋን አይቶ ወደፊት የምትሰጠውን ወተት እንደመገመት ነው።

ቀጥሎ ወላጅ የሚሆኑትን ከተለያየ ቦታ ሰብስበው ቅርፊታቸው ላይ ቁጥር ይለጥፉ። ኦይስተር በጉልበት አይከፈትም። ማግኒዚየም ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ራሱ ዘና ይላል። ያኔ ከሥጋው ጠርዝ ቅንጣት ቆርጠው አልኮል ውስጥ ይክተቱና እንስሳውን ወደ ውሃው ይመልሱ። ምላጩን በየመሃሉ ያጽዱ፤ አለዚያ የአንዱ ዲኤንኤ ከሌላው ይቀላቀላል። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ውጤቱ ሲመጣ ምልክቱን የያዙትን ብቻ ለማዳቀል አይቸኩሉ። ብዙ ልፋት ገደል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ጥቂት ወላጆች እርሻውን በሙሉ ይሞሉታል፤ በቀጣዩ ትውልድም ወንድምና እህት ይዳቀላሉ። ኦይስተር ደግሞ በዘመድ ሲዳቀል ክፉኛ ይጎዳል። የብዙ ወንዶችን ዘር አንድ ላይ ከደባለቁም አንዱ ሌሎቹን ይቀድማል። እንቁላሉን በየዕቃው ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን ወንድ ይስጡት። ማን ከማን እንደሚዛመድም ከመላው ዘረመል የተወሰዱ ብዙ ምልክቶች ይነግሩዎታል።

እጮቹ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ዋኝተው አንድ ቦታ ላይ ይጣበቃሉ። ሲጠነክሩ ቫይረሱ ወዳለበት ባሕር ያውጧቸው፤ ለማነጻጸር ያልተመረጡ ኦይስተሮችንም አጠገባቸው ያድርጉ። በፈረንሳይ እልቂቱ የሚጀምረው ውሃው 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ያ ወቅት ሳያልፍ ምልክቱ ሠርቷል አይበሉ። ከዚያ በሕይወት ያሉትን ቆጥረው ዲኤንኤያቸውን እንደገና ያስመርምሩ። የማን ልጆች እንደተረፉ ይታወቃል፤ ቀጣዮቹ ወላጆች እነሱ ናቸው። ምልክቱ የሌላቸውን ጥቂት ቤተሰቦችም አብረው ያቆዩ፤ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋሙት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።