እንግዳዎን ይዘው የቤተሰብ የማር ሱቅ እንዴት ይጎበኛሉ?

ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ሲገባ ሙዚየም እናሳየዋለን፣ እንጦጦ እናወጣዋለን፣ ቡና እናጠጣዋለን፤ ማር ግን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለበረራው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ሳይቀምስና ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና ሳለች፣ እንግዳችን «የኢትዮጵያ ማር» የሚባል አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ያለ መስሎት መመለሱ ያሳዝነኛል። በከተማው እምብርት፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ ባለው አካባቢ፣ አባት ወይም አጎት ከገጠር የሚያስመጣውን ማር እናትና ልጆች ተጋግዘው የሚሸጡባቸው ትንንሽ ሱቆች አሉ። እንግዳ ይዤ ወደነዚህ ስሄድ የምከተለውን ቅደም ተከተል እነሆ።

በመጀመሪያ ሱቁን መርጠው ይደውሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነጋዴዎቹ ስለ ተዛወሩ፣ ከዚያ በፊት የሚያውቁት ሱቅ ዛሬ እዚያው ላይገኝ ይችላል። ሲደውሉ ስለ ማሩ አመጣጥ የሚያውቀው የቤተሰቡ ሰው በዚያ ቀን መኖሩን ይጠይቁ፤ የጉብኝቱ ፍሬ ያለው በእሱ ወይም በእሷ ዘንድ ነውና። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 5፡00 ቢሆን ይመረጣል፤ በርበሬ የቀመሰና ቡና የጠጣ ምላስ ቀጫጭኑን የጣዕም ልዩነት አይለይም። ስለዚህ በዚያው ቀን ብሔራዊ ሙዚየምንም ለማየት ካሰቡ ማሩን ያስቀድሙ። ከወራት ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ይበልጣሉ፤ የመስከረሙ አበባ ማር የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

ሲገቡ ሰላምታው እንደ ቤት ሰላምታ ይሁን። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «እንደምን አደሩ እናቴ» ብለው፣ እንግዳዎን ከየት እንደ መጣ አስተዋውቀው፣ ለመቅመስም ለመግዛትም እንደመጣችሁ ይንገሯቸው። ቤቱ በደንበኛ ከተጨናነቀ ቆይታችሁ ተራችሁን ጠብቁ። ፎቶግራፍ የሚነሳው ተፈቅዶ ብቻ ነው።

ከዚያ ቅምሻው ይቀጥላል፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ለእያንዳንዱ ማር ንጹሕ ማንኪያ፣ በመካከሉም ለብ ያለ ውኃ ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ከነጩ ወደ ጥቁሩ ነው። የትግራይ ነጭ ማር ይቅደም፤ ተበብ ከሚባለው ቁጥቋጦ አበባ የሚገኝ፣ ረግቶ እንደ ቅቤ የሚቀባ ማር ነው። የላሊበላ ማር ካለ አጠገቡ ያስቀምጡት፤ «ላል ይበላል» ማለት ማር ይበላል ማለት ነው የሚለውን፣ በሕፃኑ ንጉሥ ዙሪያ ስለሰፈረው የንብ መንጋ የሚነገረውንም ትውፊት ለእንግዳዎ ለመተረክ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ቀጥሎ ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚመጣው፣ ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር፣ ከዚያ ወርቅ የሚመስለው የአደይ አበባ ማር፣ ከዚያም የቡናው፣ የብሳናው፣ በመጨረሻም መረር የሚለው የግራዋ ማር ይቅረቡ። ጣዝማ ካለ ከሁሉም ኋላ ይሁን። መንደፊያ የሌላት ትንሽ ንብ የምትሠራው፣ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ቀጠንና ጎምዘዝ ያለ ማር ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ በማንኪያ ጫፍ ብቻ ይቀመሳል።

እኔ የማዘወትርበት ሱቅ ያሉ እናት ማሩን በማንኪያ ከፍ አድርገው ያንጠለጥሉታል። ማሩ እንደ ክር ሳይበጠስ ይወርድና በራሱ ገጽ ላይ ተጣጥፎ ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። እንግዳው ሊውጥ ሲል «ቆይ ልጄ፣ አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ ተንፍስ» ይሉታል። ይህን ተርጉሜ በነገርኩት ቁጥር የእንግዳው ፊት ሲለወጥ አያለሁ፤ የአበባው ሽታ የሚመጣው በዚያች ትንፋሽ ነው።

እየቀመሱ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ከምን አበባ ነው? ከየት አገር ነው? በየትኛው ወር ተቆረጠ? ማሩን የሚያውቅ ቤተሰብ ሦስቱንም ያለማመንታት ይመልሳል። «ንጹሕ ማር ነው» ብቻ ከተባሉ ገና መልስ አላገኙም። አራተኛ ከጨመሩ ስለ ቀፎው ይጠይቁ። ከባህላዊ ቀፎ በጭስ የተቆረጠ ማር አንዳንዴ የጭስ ቃና ይይዛል፤ ከዘመናዊ ቀፎ የሚወጣው ደግሞ እንጀራው ሳይፈርስ በማጣሪያ መሣሪያ ስለሚጠለል ወለላው የጠራ ይሆናል።

እንግዳው ስለ ንጽሕናው መጠየቁ አይቀርም። ክብሪት መለኮስ፣ ውኃ ውስጥ ማንጠብጠብና ወረቀት ላይ ማፍሰስ በየቤቱ ቢለመዱም ስኳር የገባበትን ማር በእርግጠኝነት አይለዩም፤ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የረጋ ማርም ስኳር ተጨምሮበታል ማለት አይደለም። ግሉኮስ የበዛበት ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዕቃውን ቢያቆሙት ይመለሳል፣ እሳት ላይ ከጣዱት ግን መዓዛው ይጠፋል። ይልቅ የሚፈራው ውኃ የበዛበት ማር ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ ያለፈ ማር ሊቦካ ይችላል። ክዳኑን ሲከፍቱ አረፋና የጠጅ ሽታ ካለው ይተውት።

ሲገዙ በኪሎ ይሁን በሊትር አስቀድመው ይጠይቁ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁለቱን ዋጋ ሳያሰሉ ማወዳደር ያሳስታል። ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ለጠጅ እንጂ ለሻንጣ አይሆንም፤ እንግዳው ወለላውን ይግዛ።

የመጨረሻው ማሸግ ነው። አንድ ጊዜ የእንግዳዬን ማር በስስ ፌስታል ብቻ ጠቅልዬ፣ አገሩ ሲደርስ ልብሱን ሁሉ አጣብቆ እንደጠበቀው በስልክ ነገረኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ክዳኑን በፕላስተር ይዙሩት፣ ሁለት ወፍራም ፌስታል ያልብሱት፣ በልብስ መካከል አቁመው ያስቀምጡት። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ዕቃ ብዙ አየር ማረፊያ አያሳልፍም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ተጓዥ ለራሱ እስከ 2 ኪሎ ማር ይዞ መግባት ይችላል፤ ኒውዚላንድ ግን ጨርሶ አታስገባም። ቤቱ ሕፃን ላለው እንግዳ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ፈጽሞ እንዳይሰጥ አደራ ይበሉት፤ ቦቱሊዝም ለተባለ ከባድ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላልና።

ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት ከባለቤቷ የሰሙትን የአበባውን፣ የአገሩንና የወሩን ስም እንግዳው በሚያነበው ቋንቋ በየብልቃጡ ላይ ይጻፉ። በአማርኛም ከሥሩ ይድገሙት።