የጫትና የድብርት ጥናቴን ጥያቄ እንዴት አስተካከልኩት
ሐረር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያዘጋጀሁት ጥያቄ «ጫት መቃም ድብርት ያመጣል ወይ?» የሚል ነበር፤ ንድፉ ግን ሰዎችን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ስለነበረ የትኛው እንደሚቀድም ሊለይ አይችልም፤ የከፋው ሰውም ለመጽናናት ሊቅም ይችላልና። ስለዚህ ፒኤችኪው-9 በተባለው ዘጠኝ ጥያቄ ባለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ ከ27 ነጥብ ከ10 በታች ያመጡ ወጣቶችን ይዤ፣ የአቃቃም ልማዳቸውን መዝግቤ፣ ከ6 ወር በኋላ በድጋሚ እንድጠይቃቸው ንድፉን ቀየርኩ፤ 10ና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ ሕክምና ይላካሉ።

ሌላው ችግር መጠይቁን ስሞክር ታየ። አንዲት የጁገል እናት ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቁትን ሁለት ጥያቄዎች ሰምተው «ልጄ፣ ይሄማ ጫቱ ነው» አሉኝ፤ ጫት በእርግጥ ሁለቱንም ይቀንሳል፤ ንግግራቸውም ከብዙ ንባብ ይልቅ ረድቶኛል። ትንተናው ያለ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎችም እንዲሠራ በዕቅዱ አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ቃለ መጠይቁንም ከበርጫ በፊት፣ ጠዋት አደረግኩት።