ክሬን ሳይኖር የመኪና ሞተር ከፒክአፕ አውርዶ ጓሮ ማስገባት

ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የተገዛው ሞተር ሰፈር ደርሷል። ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ ፒክአፑ ከግቢው 20 ሜትር ርቆ ቆሟል፤ በሩ የብረት ደፍ አለው፤ ሞተሩ የሚያርፍበት ሰርቪስ ቤት ደግሞ ከጓሮ ነው። የተለመደው መላ አራት ጎረምሳ ጠርቶ «ያዝ! አንሳ!» ማለት ነው። ሞተር ግን እጀታ የለውም፣ ክብደቱም ለአራቱ እኩል አይደርስም፤ አንዱን ካዳለጠው ሸክሙ የሦስቱ ወገብ ላይ ይወድቃል። ያለ ክሬን የሚሠራ ሰው ሞተር አያነሳም፤ ያንሸራትታል፣ ያንከባልላል፣ በዲጂኖ ይፈነቅላል። ከመሬት 10 ሳንቲ ብቻ ከፍ ብሎ የሚሄድ ሞተር ቢያመልጥ እንኳ የትም አይደርስም።

መጀመሪያ ክብደቱን ገምቱ። ባለ 3 ሲሊንደሩ 1000 ሲሲ የቪትዝ ሞተር 70 ኪሎ ገደማ ነው። የኮሮላ 1300 እና 1600 ሲሲ ቤንዚን ሞተሮች ከ90 እስከ 130 ኪሎ ብላችሁ ያዙ። የሃይሉክስና የሃይሩፍ ናፍጣ ሞተሮች 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ባለ 6 ሲሊንደሩ የላንድክሩዘር 4200 ሲሲ ናፍጣ ደግሞ 300 ያልፋል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ካልተፈታ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ጨምሩ። ይህ ዘዴ እስከ 250 ኪሎ ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ክሬን ያለው መኪና ተከራዩ፤ ሒሳቡ ከሕክምና ወጪ ያንሳል።

ከሱቁ ሳትወጡ

ግማሹ ሥራ የሚያልቀው እዚያው ሻጩ ዘንድ ነው። በመጀመሪያ ካምቢዮውን አስፈቱ። ቀጥሎ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው)፣ የመሪ ፓምፕና የኤሲ ኮምፕረሰር ይውጡ፤ እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናሉ። ቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ክብ ብረት) እና ፍሪሲዮን አንድ ላይ ከ10 ኪሎ ያልፋሉ። በድምሩ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይቀንሳል፤ እነዚህ በፌስታልና በማዳበሪያ ከረጢት ለብቻቸው ይሄዳሉ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ግን አታስከፍቱ። አንዴ ከተከፈተ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) መቀየር አለበት፤ ሞተሩ ለእድሳት የሚፈታ ካልሆነ ትርፉ ወጪ ነው።

ዘይቱን አስፈስሱ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም የማፍሰሻውን ቡሎን ፍቱና ሞተሩን ዘንበል አድርጉት፤ ሁልጊዜ የሚቀር አለ፤ ጣውላ ላይ የፈሰሰ ዘይት ደግሞ የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ነው። ቡሎኑን መልሳችሁ እሰሩ። የአየር ማስገቢያውንና የጭስ መውጫውን ቀዳዳዎች በወፍራም ላስቲክ ሸፍናችሁ በናስትሮ ጠቅልሉ። ጨርቅ አትወትፉ፤ ይረሳና ሞተሩ ሲነሳ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሊብሬ ላይ የሚሰፍረውን የሞተር ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩና ፎቶ አንሱት፤ ሞተሩ ግድግዳ ሥር ከተቀመጠ በኋላ ቁጥሩን በእጅ ባትሪ መፈለግ ይመጣል።

አሁን መንሸራተቻውን ሥሩ። 5 በ 7 ሳንቲ የሆነ ሁለት ሞራሌ (ባለ አራት ጎን እንጨት)፣ እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ተቆርጠው፣ ጎን ለጎን 50 ሳንቲ ተራርቀው ይቀመጡ። የሁለቱም ጫፍ ከሥር በኩል በ45 ዲግሪ ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ ቧንቧ ላይ መውጣት ትቶ ቧንቧውን ፊት ለፊት እየገፋ ይሄዳል። በላያቸው ላይ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (የተጣበቀ የእንጨት ሰሌዳ) 60 በ 90 አድርጋችሁ በቪቴ እሰሩ። ኮምፔንሳቶው ላይ አሮጌ ባለ 14 ጎማ በጀርባው ይተኛና በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር። የሞተሩ ኮፓ፣ ማለትም የታችኛው የዘይት መያዣ፣ ጥልቁ ክፍል የጎማው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኮፓ ከስስ ቆርቆሮ ወይም ከአሉሚኒየም ነው የሚሠራው፤ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ደግሞ ከወለሉ ጥቂት ሚሊ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ኮፓው ከተረገጠ ወንፊቱ ይታፈናል፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይት አይደርሰውም፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። ስለዚህ እጃችሁን በጎን ከተታችሁ ሳይሆን በባትሪ አብርታችሁ እዩ፤ ኮፓው ከእንጨቱ ጋር ከተነካካ በግራና በቀኝ፣ ሞተሩን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ሱፖርት በሚታሰርበት ቦታ ሥር፣ የሞራሌ ቁራጭ አስገቡ። ሞተሩን መንሸራተቻው ላይ የማስቀመጡን ሥራ እዚያው ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ያላቸው ይሥሩት። ከዚያ ቴስታታው ላይ ካሉት የማንጠልጠያ ቀለበቶች ወደ አራቱ ማዕዘን በገመድ ጠፍራችሁ እሰሩት። ገመድ በፕላስቲክ ማኒፎልድ፣ በዲስትሪቢተር ወይም በሴንሰር ላይ አይለፍ፤ ሹል ጠርዝ በሚነካበትም ከረጢት ይጠቅለል።

ከካሶኔው (ከፒክአፑ የጭነት ሳጥን) ማውረድ

ቅያሱ ተዳፋት ከሆነ ፒክአፑ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ይቁም። ከኋላው ያለው መሬት ከፍ ስለሚል ጣውላው ይጋደማል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይግባ። የኋላውን ስፖንዳ (የካሶኔውን መዝጊያ) ፍቱት ወይም ነጻ አድርጉት፤ ጣውላ ስፖንዳው ላይ ካረፈ የሚሸከሙት ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ብቻ ናቸው።

ውፍረታቸው 5፣ ስፋታቸው 20 ሳንቲ፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ከካሶኔው ጠርዝ ወደ መሬት ይዘርጉ። መንሸራተቻው የሚቆመው በሁለቱ ሞራሌዎች ስለሆነ የጣውላዎቹ መሃል ለመሃል ርቀትም እንደ ሞራሌዎቹ ይሁን። የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ከካሶኔው ጋር ይታሰር። ሞተሩ ከ150 ኪሎ በላይ ከሆነ ከጣውላዎቹ መሃል ሥር የእንጨት ቁራጭ ደርባችሁ ደግፉ።

የካሶኔው ከፍታ 80 ሳንቲ ቢሆን የ3 ሜትር ጣውላ 15 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። በዚህ ተዳፋት ደረቅ እንጨት በደረቅ እንጨት ላይ ቆም ይላል፣ ሲገፉት ይሄዳል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሥራውን ለማቅለል ብሎ እዚህ ላይ ቧንቧ የሚያስገባ ወይም ሳሙና የሚቀባ ሰው ሞተሩን በሩጫ ይልከዋል። ቧንቧ ለሜዳ ነው፤ ቁልቁለት ላይ መጎተት ብቻ። በክረምት ከሆነ በጠዋት ጨርሱት፤ ከሰዓት ዝናብ ያረጠበው ጣውላ እንደ ሳሙና ነው።

ፍሬኑ ገመድ ይሁን። 14 ሚሊ፣ 15 ሜትር የሚሆን ገመድ ከመንሸራተቻው የኋላ ጫፍ ታስሮ ከካቢናው ጀርባ ባለው ጠንካራ ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ይጠምጠም፤ አንድ ሰው ጫፉን ይያዝ። ሲያጠብቀው ገመዱ ብረቱን ነክሶ ይቆማል፣ ሲያላላው እየተንቋቋ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ይለቃል። ጥምጥሙ አብዛኛውን ጉተታ ስለሚበላው ያዡ የሚሰማው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ገመዱን እጁ ላይ ግን አይጠምጥም። ከጣውላዎቹ ታች ማንም አይቁም፤ ዘንበል ሲል «ልደግፍ» ብሎ የሚገባ ሰው ነው የሚጎዳው። የሚያዘውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ሰው ይበቃል። የሰፈር ጫኝና አውራጅ ልጆች ከመጡ ዋጋውን ሞተሩ ሳይነካ ጨርሱ፣ ዘዴውንም አስረዷቸው፤ በትከሻ መሸከም ስለለመዱ ወዲያው ለማንሳት ይጎነበሳሉ። ነጠላ ጫማ ያደረገ አይጠጋ።

ቅያሱና ደፉ

ባለ አንድ ተኩል ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ 70 ሳንቲ እየተቆረጠ፣ አምስት ያስፈልጋል። ኮብልስቶን ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ቧንቧው ድንጋዮቹ መሃል ካለው ክፍተት ገብቶ ቀጥ ይላል፣ የሚገፋው ሰው ደግሞ ሞተሩ ላይ ይደፋል። ስለዚህ መሬቱን በኮምፔንሳቶ ሸፍኑ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 122 በ 244 ስለሆነ ከአራት ሲቆረጥ አራት ሰሌዳ ይወጣል፤ የታለፈውን እያነሱ ከፊት ማንጠፍ ነው። ከሥሩ ሁልጊዜ ሦስት ቧንቧ ይኑር፤ ከኋላ ነጻ የወጣውን አንዱ አንስቶ ፊት ያስገባል። ቧንቧ ከላይ በመዳፍ ይገፋል፤ ቀዳዳው ውስጥ ጣት አይገባም። ለመጠምዘዝ የፊተኛውን ቧንቧ በመዶሻ አጋድሙት፤ ሞተሩ ቧንቧው ወዳዘመመበት ይዞራል። መንገዱ ዳገት ካለው አንዱ ከኋላ ታኮ (ማገጃ ሽብልቅ) ይዞ ይከተል፣ በየግማሽ ሜትሩም ያስገባ።

ደፉ ጋ ስትደርሱ በውጭም በውስጥም የአንድ ሜትር ጣውላ አጋድሙና መወጣጫ ሥሩ። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን ትንሿን የብረት በር ለኩ፤ 60 ሳንቲ ስፋት ያለው መንሸራተቻ ከነቧንቧው 75 ሳንቲ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ከፍ ማድረግ

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። አትስቀሉት። የሰርቪስ ቤት የባሕር ዛፍ ማዋቀሪያ የተሠራው ቆርቆሮና ዝናብ ለመሸከም ነው፤ 150 ኪሎ በአንድ ነጥብ ሲንጠለጠልበት መጀመሪያ ምስማሩ ይነቀላል።

1.5 ሜትር ዲጂኖ ውሰዱ። መደገፊያውን እንጨት ከሸክሙ 15 ሳንቲ ላይ አድርጉት፤ የእጃችሁ በኩል 135 ሳንቲ ስለሚሆን ጉልበታችሁ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። 150 ኪሎ ሞተር በአንድ ጫፉ ሲፈነቀል የሚነሳው ግማሹ ነው፤ እናንተ የምትጫኑት 8 ኪሎ ገደማ። 5 ሳንቲ ከፍ ሲል ሌላው ሰው የ60 ሳንቲ ሞራሌ ያስገባል፣ በእጁ ሳይሆን በሌላ እንጨት ገፍቶ። ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ። ሞራሌዎቹ አንዱ ተራ በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየተደረበ ይውጣ፣ ቁልሉም ከስፋቱ በላይ አይርዘም። አንዱን ጫፍ ከአንድ እንጨት በላይ አታስቀድሙ፤ ሞተሩ ከላዩ ስለሚከብድ ሲያዘነብል ቶሎ ይገለበጣል። ለመፍታትና ለማጽዳት 40 ሳንቲ ከፍታ ይበቃል፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የመኪናውን ክሪክ መጠቀምም ይቻላል፣ ግን ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይግባ፤ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ የክሪኩ ጠባብ እግር ይሰነጥቀዋል።