የመንግሥት አሮጌ መኪና በጨረታ ልትገዙ ነው? ድሬ ላይ ላላችሁ

ከዚራ ይሁን ሳቢያን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ ገብቶ ጥግ ላይ ጎማው ተንፍሶ የቆመ ፒክአፕ ያላየ የለም። መግዛት ይቻላል። ግን "ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል ደላላ ጋ አትሂዱ።

ንብረቱ እንዲሁ ተነስቶ አይሸጥም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራ አለ፣ የማያገለግለው ይለያል፣ ኮሚቴ አይቶት ይወገድ ተብሎ ይፈቀዳል፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ከሆነም በዝውውር ይሄዳል። ለእኛ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ግን ጭራሽ ለሽያጭ አይቀርብም።

ጨረታው ጋዜጣ ላይ ወይም መሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ሐራጅ ከሆነ ዋጋ የሚጠራው ፊት ለፊት ስለሆነ እልህ ውስጥ ይከታል፤ ጣሪያችሁን ቤት ወስናችሁ ሂዱ። በታሸገ ፖስታ ከሆነ ዋጋውን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ፣ ስርዝ ድልዝ አይኑርበት። ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ የምታሠሩት የክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦው፣ ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ስም ካልተሠራ ከጨዋታው ወጣችሁ።

ዋናው ነገር ማየቱ ነው። "ባለበት ሁኔታ" የምትለዋን ቃል አትናቋት፤ ከገዛችሁ በኋላ ሞተሩ ባይነሳ የሚሰማችሁ የለም። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የድሬ ፀሐይ ጎማ ትበላለች፣ ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ጎኑን ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ታገኙት ይሆናል። ከዚያ ቀረጥ የተከፈለበት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። በእርዳታ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ገዢው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ ርካሽ ያላችሁት መኪና እሳት ይሆናል። ቫትና የስም ማዛወሪያ የማን እንደሆነም እዚያው አጣሩ።

ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ከሆነ ሚዛኑ የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ሲመዘን ቁሙ።

ካሸነፋችሁ በተባለው ቀን ከፍላችሁ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ከቀነ ገደቡ ካለፋችሁ ሲፒኦው ሊወረስ ይችላል። ከተሸነፋችሁ ይመለስላችኋል። የማይንቀሳቀስ መኪና ከሆነ ደግሞ የማስጎተቻውን ወጪ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ቀንሱ፣ ግቢ ውስጥ እንዲቆይላችሁ የሚፈቅድ የለም።