የአያት ቀሚስ መንገድ ሲወጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሰርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ተነስቶ ክፍለ ሀገር መሄድ የብዙዎቻችን ኑሮ ነው። ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ከእናት ወይም ከአያት የተረፈ ነገር አይጠፋም፤ የእጅ ፈትል ቀሚስ፣ ወርቀ ዘቦ ያለው ካባ፣ የመንዝ በርኖስ ወይም የአባት የድሮ ሱፍ ኮት። አዲስ ልብስ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ይሄኛውን የፈተለች እጅ ግን ዛሬ የለችም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። መንገድ ላይ የእናንተ ሥራ ልብሱን ማጽዳት አይደለም፤ እንዳይብስበት ማድረግ ነው። አሮጌ ልብስ በእድፉ ከሚጎዳው ይልቅ እድፉን በችኮላ ለማስለቀቅ ሲታሽ የሚጎዳው ይበልጣል። ከታች ያሉት መፍትሄዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ሻንጣው ሲከፈት የሻገተ ይሸታል

በክረምት በጣም የተለመደው ችግር ይሄ ነው። ሰው ዝናቡን ፈርቶ ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልሎ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እርጥበቱ ከውጭ ብቻ አለመምጣቱ ነው። ጥጥ እጅ ላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ሐምሌ ላይ ከቁምሳጥን ወጥቶ በቀጥታ ፌስታል የገባ ነጠላ የያዘውን እርጥበት ይዞ ነው የሚታሰረው። ከዚያ በፈጣን መንገዱ አዳማ ሲወርድ ይሞቃል። እርጥበትና ሙቀት ተገናኙ፣ መውጫም የለም። የአየር እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል።

ሽታ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ልብሱን ገልብጡትና ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉት። ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሽቶ አትርጩበት፤ ሽታው ይሸፈናል እንጂ ሻጋታው አይሞትም። ሽቶው ራሱም ሐርና ጥለት ላይ ቀለበት የመሰለ እድፍ ይተዋል።

ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይሆንም። እርጥብ ሻጋታ ሲታሽ ክሩ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አራግፉት። የሚቀረው ምልክት ቤት እስክትመለሱ ይቆይ።

የወይራ ወይም የእጣን ጭስስ? ልብስ ማጠን የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጭሱ ነጭ ፈትል ላይ ጥቀርሻ ያሳርፋል፣ በዓመታት ውስጥም ያቢጫል። ቤቱን አጢሱ፣ ልብሱን ተዉት።

መከላከያው ከጉዞው በፊት ነው የሚሠራው። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልብሱን ለሁለት ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ከዚያ ብዙ ጊዜ በታጠበና በደንብ በተለቀለቀ አሮጌ ነጭ አንሶላ ጠቅልሉት። ፌስታሉ የሚመጣው ከአንሶላው ውጭ ነው፣ ያውም ለመንገዱ ብቻ። እንደደረሳችሁ፣ ቡና እስኪፈላ እንኳን ሳትጠብቁ፣ ፌስታሉን አውልቁ።

የቀሚሱ ጫፍ ጭቃ ነካው

ከአቃቂ ወዲያ ያለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋልካ ነው። ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል። አስፋልቱ ካለቀበት እስከ ድንኳኑ ያለችው ትንሽ መንገድ ትበቃዋለች።

እዚህ ላይ እጅ ይቸኩላል። አንዷ ሶፍት ታወጣለች፣ ሌላዋ የውሃ ላስቲክ ትከፍታለች፣ ሁሉም ማሸት ይጀምራል። የዋልካ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው። የእጅ ፈትል ማግ ደግሞ ላላ ብሎ የተፈተለ ስለሆነ ቅንጣቱን ይቀበላል። እርጥብ ሆኖ ሲታሽ ጭቃው ከላይ ተነስቶ ክሩ መሐል ይቀመጣል።

ስለዚህ አትንኩት። ወፍራሙን ብቻ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ አንሱና ይድረቅ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በጣታችሁ ስታፍረከርኩት አብዛኛው እየተሰነጠቀ ይወድቃል። ጨርቁን ገልብጣችሁ ከጀርባው በመዳፍ መታ መታ ስታደርጉት ብናኙ ወደመጣበት ይወጣል። የተረፈውን ለስላሳ ብሩሽ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሚታይ ጥላ ካለ የላውንድሪ ጉዳይ ነው፤ የእንግዳ ቤት መታጠቢያ ውስጥ የሚያልቅ አይደለም።

ለነገሩ አሮጌ ቀሚስ ለብሶ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ራሱ ልክ አይመስለኝም። በሌላ ልብስ ሂዱ፣ እዚያ ቀይሩ።

የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ወጣ

ምክንያቱ ቀለሙ ከክሩ ጋር በደንብ አለመያያዙ ነው። በላብ፣ በዝናብ ወይም በሳሙና ሲነቃ ይሄዳል። እርጥብ ሆኖ ተጣጥፎ ከተቀመጠ ደግሞ በማግስቱ የጥለቱ መልክ ነጩ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ።

ቶሎ ከደረሳችሁበት ጥለቱንና ነጩን አለያዩ። መሐላቸው ደረቅ ነጭ ፎጣ አስገቡ፣ ከላይም ከታችም ሌላ ፎጣ አድርጉና በመዳፍ ተጫኑ። ማሸት የለም። ፎጣው ቀለም ሲጠጣ ንጹሕ ቦታ ላይ አዙሩት። ከዚያ ዘርግታችሁ በነፋስ ቶሎ አድርቁት።

ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያስይዘዋል የሚባለውን አትመኑ። አንዴ መልቀቅ የጀመረ ጥለት በዚያ አይመለስም። በረኪናማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ክሩን ይበላዋል፣ ሐርና ሱፍን ደግሞ ያቢጫል።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ትንሽ ነጭ ጥጥ ቀዝቃዛ ውሃ አስነኩና ጥለቱ ላይ፣ በማይታይ በኩል፣ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት። ጥጡ ቀለም ይዞ ከተነሳ ያ ልብስ ውሃ አያይም። እንግዲህ ዣንጥላ ያዙ፣ ውስጡም የሚለበስ ነጭ ካናቴራ ይኑር።

በእጥፉ ላይ ቡናማ መስመር፣ አንዳንዴም ስንጥቅ

ነጠላውን ወደ መብራት ያዙት። እጥፉ ባለበት መስመር ብርሃኑ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ካለፈ ክሩ እየሳሳ ነው። ለዓመታት በዚያው መስመር ታጥፎ፣ በካውያ ተጨፍልቆ፣ ጣውላ ወይም ካርቶን ላይ ከርሟል። የእንጨቱና የካርቶኑ አሲድ ጥጡን ያቢጨዋል፤ ጋዜጣም እንደዚያው፣ እሱስ ቀለሙንም ጭምር ያትማል።

የተሰበረ ክር አይመለስም፣ የሚሳሳውን ግን ማቆም ይቻላል። ነጠላና ኩታ አይታጠፉ፣ ይጠቅለሉ። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ቱቦ ካላችሁ እሱ ላይ፣ ከሌለም ራሱን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ። ቀሚስ የግድ ይታጠፋል። ስለዚህ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ውስጡ የተጠቀለለ ስስ ጨርቅ አስገቡ፤ እጥፉ ክብ ይሁን እንጂ ስለት አይሁን። በየጉዞውም ቦታውን ቀይሩ።

ሻንጣው ውስጥ ከላይ ይሁን፤ ጫማና ድፎ ዳቦ ከታች። ሻንጣው ደግሞ ፖርቶ መጋላ ላይ አይውጣ። እዚያ ፀሐይ አለ፣ አቧራ አለ፣ የሌላ ሰው ማዳበሪያም ይጫንበታል። ረዳቱን አናግሩት። ቦታ የለም ካለ ለአንድ ሰው ከፍሎ ሻንጣውን አጠገብ ማስቀመጥ ለካባና ለአሮጌ ቀሚስ የሚያስቆጭ ገንዘብ አይደለም።

የካባው ከፋይ (ቬልቬት) ተጨማደደ፣ ወርቁም ጠቆረ

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከፋይ ፀጉር አለው። ሲጫኑት ይተኛል፣ ያ ነው የሚያብለጨልጨው ጠባሳ። ካውያ ካሳረፋችሁበት ለዘለዓለም ይተኛል። ጥልፍ በሌለበት ቦታ ብቻ፣ ከጀርባው በኩል፣ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቃችሁ እንፋሎት አስነኩት። ከዚያ ሳይነካ ይድረቅና በለስላሳ ብሩሽ ፀጉሩን አንሱ። ስትጭኑት ጠቅልሉት፤ ፀጉሩ ወደ ውጭ ይሁን፣ በላዩ ነጭ ጨርቅ ይልበስ። መስቀያ ላይ ሰቅሎ መውሰድ አይመከርም። ጥልፉ ከባድ ነው፣ ትከሻውንና ገበሩን ይቀደዋል።

የድሮ ወርቀ ዘቦ በክር ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው። የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው፤ ሱፍና ጎማ አጠገቡ ሲሆኑ ይፈጥናል። ስለዚህ በርኖስና ካባ አንድ ሻንጣ ውስጥ ተደራርበው አይሂዱ። በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በሶዳ መፈተግ ብረቱን ይልጠዋል፣ ከስር ባዶ ክር ይቀራል። የጠቆረ ወርቅ በእኔ ዓይን አስቀያሚ አይደለም። ተዉት።

በርኖሱ ወይም ሱፍ ኮቱ ላይ ቀዳዳ ወጣ

ቅርጽ የሌለው ቀዳዳ፣ አጠገቡ ነጭ ድር፣ ከስር አሸዋ የመሰለ ጥራጊ ካለ ብል ነው። የሚበላው ትሉ ነው እንጂ የሚበረው አይደለም። ሱፍ ይወዳል። ንጹሕ ጥጥ አይስበውም፤ ላብ ወይም ቅቤ የነካው አንገትጌ ግን ይስበዋል።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ፌስታል ጠቃሚ ነው። በርኖሱን ብቻውን አስራችሁ ከሌላው ለዩት። ቤት ስትመለሱ እንደታሰረ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። በእኛ ሰፈር መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሳምንቱን ከዚያ ቀን ጀምራችሁ እንደገና ቁጠሩ። ሲወጣ ፌስታሉን ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ቀን ይሙቅ፣ አለበለዚያ ጤዛ ልብሱ ላይ ይወርዳል። ናፍታሊን ሕፃን ባለበት ቤት አደገኛ ነው፣ ለእኔ ቢቀር ይሻላል።

ወጥ ተንጠባጠበ

በማንኪያ አንሱ፣ በነጭ ሶፍት ጫን ጫን አድርጉ፣ የልጆች ፓውደር ነስንሱና ቅባቱን እስኪጠጣ ተዉት፣ ከዚያ አራግፉ። ሙቅ ውሃ አይንካው። እድፉ እያለ ካውያ ካሳለፋችሁበት እዚያው ይተኩሰዋል። ዛሬ የሚሸመኑ ጥለቶች ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ክር አለባቸው፤ ካውያ ያቀልጣቸዋል። መተኮስ የግድ ከሆነ ከጀርባ፣ በመሐል ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛ ሙቀት።

የዝገት ነጥብ፣ የደበዘዘ ቀለም

ዝገቱ የመርፌ ቁልፍ ወይም የሽቦ መስቀያ ነው፤ ሁለቱም ከሻንጣው ይውጡ። መደብዘዙ ከፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ቀለም ትበላለች። ቀሚሱን የመኪና የኋላ መስታወት ስር አታንጥፉት።

ተቀደደ

ድግስ መሐል ከሆነ ማስቲሽም ፕላስተርም አይንካው፤ ሙጫው ክሩ ላይ ይቀራል። ከስሩ ስስ ነጭ ጥጥ አኑሩና በቀጭን መርፌ፣ በጥጥ ክር፣ ላላ ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ቦታ ያዙት። አትሳቡት። ስፌቱ የሚገባው ጤነኛው ጨርቅ ላይ ነው፤ የሳሳው ላይ ከገባ ቀዳዳ ይጨምራል። ልብሱንም እዚያው ቀይሩ።

የወጣውን ክር፣ የተበጠሰውን የጥለት ቁራጭ እንኳን ሳትጥሉ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ሽሮሜዳ ላይ የሸማኔ እጅ ያየው ሰው ምን ክር እንደሆነ፣ ምን ቀለም እንደሚመሳሰለው የሚለየው ከዚያ ቁራጭ ነው። ነጩ አካል ከተጎዳና ጥለቱ ደህና ከሆነ ጥለቱን ፈትቶ አዲስ ፈትል ላይ መስፋት ይቻል እንደሆነ ጠይቁት። ፖስታውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀሚሱን ደግሞ ሳታጥቡት ውሰዱለት።