ህንድ ውስጥ እግድ የጣሰ ሰው እንዲታሰር ከመጠየቃችሁ በፊት ጥሰቱን እንዴት ታስረዳላችሁ

ህንድ አገር ሱቅ ወይ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ የምትማሩ ወይ የምትነግዱ ልጆች ፍ/ቤት ሄዳችሁ እግድ ካወጣችሁ በኋላ ሰውየው ምንም እንዳልተባለ ሰው ሥራውን ሲቀጥል መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ነገር "ይታሰርልኝ" ነው፣ ንዴቱ ይገባኛል። ግን እኔ እዛ ሕግ ስማር ችሎት እየገባሁ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ብዙ አመልካች የሚሸነፈው ጥሰቱ ስላልተፈጸመ ሳይሆን መች፣ ማን፣ እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለውን ማሳየት ስላቃተው ነው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ጠበቃችሁ ጋ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ነው፣ ጠበቃ ይተካል ብዬ አይደለም። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

በነገራችን ላይ የኛ አገር ሕግ የተማራችሁ ብዙው ነገር አዲስ አይሆንባችሁም፣ የኛ የ1958 ዓ.ም. (ይቺ ብቻ በኛ አቆጣጠር ናት) የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲረቀቅ ከህንዱ የ1908 ኮድ ብዙ ወስዷል። አከፋፈሉ ላይ ግን ህንዶቹ ትልቁን ክፍል "ኦርደር"፣ በሥሩ ያለውን ድንጋጌ "ሩል" እያሉ ነው የሚጠሩት፣ እኔም እንደዛው እጠራዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንበል ፑኔ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ተከራይታችኋል፣ አከራዩ በጉልበት ሊያስወጣችሁ ሲል ከሰሳችሁና "ተከሳሽ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ከሳሽን ከሱቁ እንዳያስወጣ" የሚል ጊዜያዊ እግድ ተሰጣችሁ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስትመጡ በሩ ላይ የናንተ ያልሆነ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

ጓጉንቸሩን አትስበሩት! መጀመሪያ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሰዓት፣ አጠገብ ያሉ ባለሱቆች ስም። ማስረጃው እሱ ራሱ ነው፣ ከሰበራችሁት ግን ሌላው ወገን ነገሩን ገልብጦ እናንተን ሁከት ፈጣሪ ያደርጋችኋል።

ቀጥሎ በየትኛው በር እንደምትገቡ ለዩ፣ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ወራት ያቃጥላል። ዋናው ክስ ገና እየታየ ከሆነና የተጣሰው ጊዜያዊ እግድ ከሆነ መንገዱ ኦርደር 39 ሩል 2ኤ ነው፣ በ1976 ማሻሻያ የገባ ድንጋጌ ነው፣ ማመልከቻውም የሚቀርበው እግዱን ለሰጠው ፍ/ቤት ወይም መዝገቡ ለተዛወረለት ፍ/ቤት ነው። ክሱ ተወስኖ የመጨረሻ ፍርድ ከተሰጠ ግን ጊዜያዊው እግድ ፍርዱ ውስጥ ገብቶ ያልቃል፣ ስለዚህ የምትሄዱት በአፈጻጸም ነው፣ ኦርደር 21 ሩል 32። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ይሄን በግልጽ ብሎታል፣ ከፍርድ በኋላ በሩል 2ኤ መምጣት አይቻልም። የፍርድ ቤት መድፈር ሕጉ፣ የ1971ዱ፣ ሦስተኛ መንገድ ሆኖ አለ፣ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 2,000 ሩፒ ቅጣት አለው፣ ግን የሥነ ሥርዓት ኮዱ ራሱ መፍትሔ እያለው ወደዛ መሮጥ ብዙ ጊዜ "እዛው ሂዱ" ተብሎ መመለስን ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ማስረዳቱ። እኔ እንደ ሰንሰለት ነው የማየው፣ አንዷ ቀለበት ከወለቀች እስር የለም።

የመጀመሪያዋ የትዕዛዙ ቃል ናት። ማኅተም ያለበትን ግልባጭ አውጡና እያንዳንዷን ቃል አንብቡ፣ ጠበቃው በስልክ የነገራችሁን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን። ምሳሌያችን ላይ ትዕዛዙ "እንዳያስወጣ" ነው የሚለው፣ ጓጉንቸር መስቀል ማስወጣት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ጠንካራ ክርክር ነው። ግን አከራዩ ጓጉንቸር ሳይሆን መብራት ቢቆርጥስ? ትዕዛዙ ስለ መብራት ምንም ካላለ "ጥሷል" ማለት ከባድ ነው፣ ትዕዛዙ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ከሆነና ሰውየው በአንደኛው ንባብ ከሄደ ፍ/ቤት ለማሰር እጁ አይፈታም። እንደዛ ከሆነ መጀመሪያ ትዕዛዙ እንዲብራራ ወይ እንዲሰፋ አመልክቱ። እግዱን ገና እየጠየቃችሁ ያላችሁ ደግሞ ከአሁኑ ቃሉን አስለዩ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መግቢያ በር፣ ዕቃ፣ ሠራተኞቹና ወኪሎቹም ጭምር ብላችሁ አስጽፉ።

እግዱ በዛ ቀን በሥራ ላይ እንደነበረም አሳዩ። ህንድ ውስጥ ብዙ ጊዜያዊ እግድ "እስከሚቀጥለው ቀጠሮ" ተብሎ ነው የሚሰጠው፣ ቀጠሮው ሲመጣ ካልተራዘመ ክፍተት ይፈጠራል፣ ጥሰቱም እዛ ክፍተት ውስጥ ከወደቀ ሥራ ፈረሰ። የየቀጠሮውን ትዕዛዝ በተርታ አያይዙ። በተቃራኒው እግዱ በኋላ ቢነሳ እንኳ በሥራ ላይ እያለ የተፈጸመው ጥሰት አይሰረዝም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 እንደዛ ብሏል። ከዛ በፊትም በ1997 ፍ/ቤቱ ሥልጣን የለውም የሚል ክርክር ስለተነሳ ብቻ እስከዛ የወጡትን ትዕዛዞች መጣስ እንደማይቻል ወስኗል። ስለዚህ "ይግባኝ ብያለሁ" ብሎ የሚያፌዝ ሰው አያስደንግጣችሁ፣ እግዱን የሚያስቆም ትዕዛዝ ከይግባኝ ፍ/ቤት እስካላመጣ ድረስ እግዱ እግድ ነው።

ሁለተኛዋ ማወቁ ናት፣ ብዙ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ነው። በተለይ እግዱ ሌላው ወገን በሌለበት የተሰጠ ከሆነ። ኦርደር 39 ሩል 3 እንደሚለው እንደዛ ያለ እግድ ያገኘ ሰው የማመልከቻውን፣ የቃለ መሃላውን፣ የክሱንና የሰነዶቹን ኮፒ ወዲያው ለተከሳሹ መስጠት ወይ በሪኮመንዴ መላክ አለበት፣ መላኩንም በዛው ቀን ወይ በማግስቱ በቃለ መሃላ ለፍ/ቤት ማስታወቅ አለበት። ይሄን ያላደረገ ሰው በኋላ "እያወቀ ጣሰ" ሲል ራሱ ላይ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ የፖስታ ደረሰኙን፣ የደረሰበትን ማረጋገጫ፣ የፍ/ቤት መልእክተኛውን ሪፖርት ሰብስቡ። የተከሳሹ ጠበቃ ችሎት ቆሞ ትዕዛዙ ሲነበብ ሰምቶ ከሆነ የዕለቱ መዝገብ ላይ ስሙ መስፈሩን እዩ። ትዕዛዙን በዋትሳፕም ላኩለት፣ በ2018 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ የአፈጻጸም ጉዳይ ፒዲኤፉ መድረሱና መከፈቱ በምልክቱ ስለታየ በዋትሳፕ የተላከን መጥሪያ ተቀብሏል፣ ግን ዋትሳፕን እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ብቸኛ አትቁጠሩት። መልስ ከጻፈላችሁ፣ "የፈለጋችሁትን ፍ/ቤት ሂዱ" ብሎም ቢሆን፣ እሱ ወርቅ ነው፣ እንዳይጠፋባችሁ።

ሦስተኛዋ ድርጊቱ ራሱ፣ ማለትም ከእግዱ በኋላ መፈጸሙና የሱ እጅ መኖሩ። "ድሮም ነበር" የሚለው መከላከያ ህንድ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፣ ግድግዳ ሲሆን "ከትዕዛዙ በፊት ነው የተገነባው" ይላል፣ የኛ አከራይ ደግሞ "ራሳቸው ቆልፈው ሄደው ነው" ይላል። ለዚህ የሚያድነው በፊትና በኋላ ማሳየት ነው፣ እግዱ በወጣ ዕለት የበሩን ሁኔታ ፎቶ አንሱ፣ የዛን ሳምንት የሽያጭ ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ ሱቁ ክፍት እንደነበር የሚያሳይ ማንኛውም ነገር።

ፎቶና ቪዲዮ ግን ዝም ብሎ ፕሪንት አድርጎ ማያያዝ አይበቃም። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የድሮውን የማስረጃ ሕግ የተካው ባራቲያ ሳክሽያ አዲኒያም ሥራ ላይ ነው፣ አንቀጽ 63 ለኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ሰርተፊኬት ይጠይቃል፣ ፎርሙ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱን መሣሪያው በእጁ የነበረው ሰው፣ ሌላውን ባለሙያ ነው የሚሞላው፣ የፋይሉ ሃሽ ቁጥርም (ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳይ መለያ) ይገባበታል። ከዛ በፊትም በድሮው ሕግ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋናው መሣሪያ ራሱ ካልቀረበ ሰርተፊኬቱ ግዴታ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ስልኩን አትሽጡ፣ ሪሴት አታድርጉ፣ ቪዲዮውን በዋትሳፕ ተላልኮ ከተጨመቀው ሳይሆን ከዋናው ፋይል አስቀምጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የናንተ ፎቶ አይደለም፣ ፍ/ቤቱ የሚልከው ኮሚሽነር ነው። በኦርደር 26 ሩል 9 መሠረት ፍ/ቤቱ አንድ ጠበቃ ሾሞ ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያይ ማድረግ ይችላል፣ ሪፖርቱም የመዝገቡ አካልና ማስረጃ ይሆናል። ጥሰቱን ባያችሁ ማግስት ይሄን ጠይቁ፣ ሳምንት ካለፈ ጓጉንቸሩ ይነሳና "ምን ጓጉንቸር?" ይባላል። ኮሚሽነሩ ግን ያየውን ነው የሚጽፈው፣ ጓጉንቸር መኖሩን እንጂ ማን እንደሰቀለው አይነግራችሁም፣ ያንን የሚሞላው የጎረቤት ምስክር ወይ ካሜራ ነው። ምስክሩ ደግሞ ቃለ መሃላ ፈርሞ የሚጠፋ ሳይሆን ለመስቀለኛ ጥያቄ የሚቆም ይሁን።

አራተኛዋና ከባዷ ሆን ብሎ ማድረጉ ናት። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ዳቦ ቤት የንግድ ምልክት ክርክር ላይ በሩል 2ኤ ለመቅጣት ትዕዛዙ አለመከበሩ ብቻ አይበቃም፣ ሆን ተብሎ መሆን አለበት፣ ነገሩ የወንጀል ኃላፊነት ጠባይ ስላለው ፍ/ቤቱ በሚያሳምን ማስረጃ መረጋገጥ አለበት ብሏል። በ2009ም ይሄ ሥልጣን የቅጣት ጠባይ ያለውና ፍርድ ቤት መድፈርን የሚመስል መሆኑን ገልጾ ነበር። የማስረዳት ሸክሙ የናንተ ነው፣ ሚዛኑም ከተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይከብዳል። የሰው ነፃነት ነው የሚነካው፣ እንደዛ መሆኑም ትክክል ነው እላለሁ፣ ነገ እናንተ ላይም ሊመጣ ይችላል።

ልብ ውስጥ ያለውን እንዴት ታሳያላችሁ? በአካሄዱ። ትዕዛዙ ደርሶታል፣ ከደረሰው በኋላ አስጠንቅቃችሁታል፣ አስጠንቅቃችሁት 3 ቀን ቆይቶ በሌሊት ቆልፏል፣ ስትጠይቁት ዝቷል፣ ፖሊስ ጋ የሰጣችሁት ማመልከቻ ኮፒው አለ። ቀኖቹን በአንድ ገጽ ላይ በተራ ጻፏቸው፣ ከእያንዳንዱ ቀን ፊት ማስረጃው ስንተኛ ገጽ እንደሆነ አድርጉ፣ ዳኛው ከ80 ገጽ ቃለ መሃላ ይልቅ ያቺን ገጽ ነው የሚያነበው። በመጨረሻ ፍርድ አፈጻጸም ላይ ደግሞ ሩል 32 ራሱ ሰውየው ለመታዘዝ ዕድል አግኝቶ ሆን ብሎ እምቢ ማለቱን ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቀን ቆርጣችሁ "እስከዚህ ቀን ፈጽም" የሚል ደብዳቤ ላኩ።

ማመልከቻው ላይ "እግዱን ጥሷል ይታሰር" የሚል ሁለት መስመር አትጻፉ፣ የቱን የትዕዛዝ ቃል፣ በየትኛው ድርጊት፣ በስንት ቀን የሚለው ተለይቶ ይውጣ። ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፣ ማስረጃ ይሰማል፣ ከዛ ነው ውሳኔ የሚመጣው፣ በዛው ቀን ፖሊስ ይዞት ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ስትጠይቁም በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ መጀመሪያ ጓጉንቸሩ ተነስቶ ሱቁ እንደነበረ እንዲመለስ፣ አስፈላጊ ከሆነም የፖሊስ እገዛ፣ ይሄ የሚጠየቀው በኮዱ አንቀጽ 151 በተለየ ማመልከቻ ነው፣ ከቅጣቱ ጋር አታደባልቁት። ከዛ የሰውየው ንብረት መያዝ፣ እስከ 1 ዓመት ይቆያል፣ ጥሰቱ ከቀጠለ ንብረቱ ተሽጦ ለተጎዳው ካሳ ሊከፈልበት ይችላል። ከዛ እስር፣ ጣሪያው 3 ወር ነው፣ በመሃል ፍ/ቤቱ ሊፈታው ይችላል። ንብረት ሳይያዝ በቀጥታ እስር ማዘዝ እንደሚቻል ያው የ1998ቱ ውሳኔ አረጋግጧል፣ ግን በተግባር ብዙ ዳኞች እስርን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጡት፣ ሰውየው በሩን ከፍቶ ይቅርታ ከጠየቀማ ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

ከመጨረሻ ፍርድ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሩል 32 ንዑስ 5ን አትርሱ፣ ሰውየው ያላደረገውን ፍ/ቤቱ በሌላ ሰው አስደርጎ ወጪውን ከሱ ማስከፈል ይችላል፣ በ2002 የተጨመረው ማብራሪያ "አታድርግ" የሚል ትዕዛዝንም ይጨምራል ብሏል። አፍርስ የተባለውን ግድግዳ ለማስፈረስ ከእስር ይልቅ ይሄ ነው ቶሎ የሚያደርሰው። ቋሚ እግድን ለማስፈጸም የጊዜ ገደብ የለም፣ "ይሄን አድርግ" የሚል ፍርድ ግን 3 ዓመት ብቻ ነው ያለው፣ ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን በሩል 2ኤ የተሰጠ ትዕዛዝ በኦርደር 43 ሩል 1(አር) ይግባኝ ይባልበታል፣ ለሱም ይሁን ለናንተ። ይግባኙ ላይ የሚታየው ግን ታች መዝገብ ውስጥ ያስገባችሁት ነው፣ ስለዚህ ጓጉንቸሩን ባያችሁበት ጠዋት ያነሳችሁት ፎቶና የዛኑ ዕለት ያስገባችሁት የኮሚሽነር ማመልከቻ እዛም ድረስ ይከተላችኋል።